ቀለም ለሚያነበው ነው፦ በተርሚናል ለምትጽፍ ልጅ የተሰጠ ምክር

ልጄ፣ ፕሮግራምሽ ሥራውን በትክክል መሥራት ከጀመረ ወዲህ መልኩን ማሳመር አምሮሻል፤ አይገርመኝም። ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ ሲግተለተል ዓይን ይሰለቻል፤ አንድ ቀይ መስመር ብቅ ሲል ግን ሰው ይነቃል። ቀለሙን ማውጣቱ አያስቸግርሽም። ችግሩ የሚመጣው ጽሑፍሽ አንቺ ከማታውቂው ስክሪን፣ ከማታውቂው ፋይልና ከማታውቂው ሰው ዓይን ፊት ሲደርስ ነው። ከዚህ በታች የምነግርሽ ሁሉ ከአንድ ሐሳብ የሚመነጭ ነው፦ ቀለም ለአንባቢ የሚደረግ አገልግሎት ነው። አንባቢው አልፈልግም ካለ፣ ወይም ጭራሽ የሚያነበው ሰው ካልሆነ፣ ቀለሙ ይነሣ፤ ጽሑፉም ያለ እሱ ሙሉ ይሁን።

1. ቀለሙ ከምን እንደተሠራ አስቀድመሽ እወቂ

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ተርሚናል ቀለም የሚቀይረው ከጽሑፉ ጋር ተቀላቅሎ በሚላክለት ትእዛዝ ነው። ለቀለም ተብሎ የተለየ መንገድ የለም፤ ፊደሉም ትእዛዙም በአንድ ሰልፍ ይመጣሉ። ትእዛዙን ከፊደሉ የሚለየው መነሻው ነው፦ በአስኪ ሠንጠረዥ ቁጥሩ 27 የሆነው፣ ስክሪን ላይ የማይታየው፣ ኢስኬፕ የሚባለው ምልክት። ከእሱ ቀጥሎ «[» ይመጣል፣ ከዚያ ቁጥር፣ መጨረሻ ላይ ትንሿ ኤም። ቁጥሩ 31 ከሆነ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጽሑፍ ይቀላል፤ 0 ከሆነ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። 1 ያደምቃል፣ 2 ያደበዝዛል፣ 4 ከሥር ያሰምራል፣ 7 የጽሑፉንና የባክግራውንዱን ቀለም ያገለባብጣል። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ከፈለግሽ በሴሚኮለን ትለዪያቸዋለሽ፤ 1;31 ደማቅ ቀይ ነው።

ይህ ሥርዓት ከአንቺም ከላፕቶፕሽም በዕድሜ ይበልጣል። ኤክማ 48 የተባለው ደረጃ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። በ1979 የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም አንሲ የራሱን አጸደቀ፤ እስከ ዛሬ «አንሲ ኮድ» የምንለውም ከዚያ የተነሣ ነው። በመካከሉ፣ በ1978፣ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኮርፖሬሽን ቪቲ100 የተባለውን ተርሚናል አወጣ። ቪቲ100 ቀለም የሚባል ነገር አልነበረውም። ሆኖም እነዚህን ትእዛዞች የሚረዳ ዕቃ ሆኖ በብዛት ስለተሸጠ ሌሎቹ እሱን ተከተሉ፤ ዛሬ የምትከፍቺው የተርሚናል መስኮትም እሱን መስሎ የሚሠራ ሶፍትዌር ነው።

የቀለሞቹ ቁጥር በዘፈቀደ የተደረደረ አይምሰልሽ። ስምንቱ የጽሑፍ ቀለሞች ከ30 እስከ 37 ናቸው። የመጨረሻውን አሃዝ ብቻ ያዢ፦ ቀይ 1፣ አረንጓዴ 2፣ ሰማያዊ 4። የቀረው ድምር ነው። ቀይና አረንጓዴ ብርሃን ሲደባለቁ ቢጫ ይሰጣሉ፤ 1 እና 2 ሲደመር 3 ነውና ቢጫ 33 ሆነ። ቀይና ሰማያዊ ሐምራዊ ይሰጣሉ፣ 35፤ አረንጓዴና ሰማያዊ ውሃ ሰማያዊ፣ 36፤ ሦስቱም ሲደመሩ ነጭ፣ 37፤ ምንም ብርሃን ከሌለ ጥቁር፣ 30። በ30 ፈንታ ከ40 ከተነሣሽ ባክግራውንዱን ትቀቢያለሽ። ከ90 እስከ 97 ያሉት ደግሞ የነዚሁ የስምንቱ ፈካ ያሉ ዓይነቶች ናቸው። ይህን ከያዝሽ በየጊዜው ሠንጠረዥ ፍለጋ አትሄጂም።

2. የከፈትሽውን ዝጊ

ትእዛዙ እስኪሻር ድረስ ይሠራል። «ስህተት» የሚለውን ቃል አቅልተሽ መዝጊያውን ከረሳሽ የሚቀጥለው መስመርም፣ ፕሮግራምሽ ካለቀ በኋላ የሚመጣው የሼሉ መስመርም፣ ተጠቃሚው የሚተይበውም ቀይ ሆኖ ይቀጥላል። ስለዚህ የቀለም ኮዶችን በየቦታው አትበትኚ። ቃልና ቀለም ተቀብሎ የሚከፍት፣ የሚጽፍና የሚዘጋ አንድ ትንሽ ፈንክሽን አዘጋጂና ሁሉም በእሱ በኩል ይለፍ። ነገ ቀለሙን በሙሉ ማጥፋት ሲያስፈልግሽ የምትነኪው አንድ ቦታ ብቻ ይሆናል።

0 ሁሉንም እንደሚያጠፋ ደግሞ አትርሺ። ከሥሩ በተሰመረ ዐረፍተ ነገር መካከል አንድ ቃል አቅልተሽ በ0 ብትዘጊ ከቃሉ በኋላ ያለው የሥር መስመርም ይጠፋል። የጽሑፉን ቀለም ብቻ ለመመለስ 39፣ ባክግራውንዱን ብቻ ለመመለስ 49፣ ማድመቁን ለማንሣት 22፣ ማስመሩን ለማንሣት 24 አለልሽ።

ሰው ትዕግሥቱ ሲያልቅ ኮንትሮልና ሲን ተጭኖ ፕሮግራምሽን መሀል ላይ ይቆርጠዋል። ያን መቋረጥ ጠብቂውና መዝጊያውን ልከሽ ውጪ፤ በተለይ ጠቋሚውን ደብቀሽ ከነበረ መልሺለት። ተርሚናሉ ከናካቴው ከተበላሸ «ሪሴት» የሚለውን ትእዛዝ ተይቢ፤ የምትተይቢው ባይታይሽም ይሠራል።

3. ቀለሙ ቢነሣ ቃሉ ይቁም

ጊት የፋይል ለውጥ ሲያሳይ የተጨመረውን መስመር በአረንጓዴ፣ የተሰረዘውን በቀይ ያወጣል። ግን በእያንዳንዱ መስመር ፊት የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት አለ። ቀለሙን ጨርሰሽ ብታጠፊው ዓይንሽ ትንሽ ይለፋ ይሆናል እንጂ አንድም መረጃ አይጎድልብሽም። ልትከተይው የሚገባሽ ይህን ነው።

የዚህ ተቃራኒው የሰርቨሮችን ስም ዘርዝሮ የሚሠሩትን በአረንጓዴ፣ የወደቁትን በቀይ ብቻ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ከአውሮፓ ዝርያ ከሆኑ ወንዶች ከ12 አንዱ ገደማ ቀይና አረንጓዴን በደንብ አይለይም፤ በሌሎች ሕዝቦችም ዘንድ እንዲህ ያለ ዓይን ያላቸው ሰዎች አሉ። ለእነሱ ያ ዝርዝር የስም ዝርዝር ብቻ ነው። በጆሮው ስክሪን ለሚያነብ ዓይነ ስውርም እንዲሁ። «ይሠራል» እና «ወድቋል» ብለሽ ከጻፍሽ በኋላ ቀለሙን ጨምሪ።

የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር። ጽሑፉን በጥቁር ቀለም ይጽፋሉ፤ የፈጣሪን፣ የእመቤታችንን፣ የሚታሰበውን ጻድቅ ስም፣ አንዳንዴም የክፍሉን መነሻ መስመሮች በቀይ ያወጣሉ። ቀዩ ለስሙ ክብር ይጨምርለታል እንጂ ፊደሉን አይተካም። ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ከ9,000 በላይ ብራናዎችን ሲያነሣ የተጠቀመው በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ቀዩ በፊልሙ ላይ ግራጫ ሆነ፤ ስሙ ግን እንደተጻፈ ይነበባል። አንቺም እንዲህ ጻፊ።

4. ከፊትሽ ያለው ማን እንደሆነ ጠይቂ

የፕሮግራምሽ ውጤት ሁልጊዜ ሰው ፊት አይደርስም። በፓይፕ ወደ ሌላ ፕሮግራም ይገባል፣ ወደ ፋይል ይጻፋል፣ በሌሊት በራሱ ተነሥቶ በኢሜይል ይላካል። በአንድ መሥሪያ ቤት ያየሁት የሌሊት ሪፖርት በየመስመሩ «[32m» እና «[0m» የሚሉ ቁርጥራጮች ሞልተውበት ነበር። ሪፖርቱን የሚቀበሉት የሒሳብ ሠራተኞች 32 የሚለውን ቁጥር መጠን ነው ብለው ለመረዳት ይሞክሩ ነበር። ትእዛዙ ተርሚናል ስላላገኘ ተራ ጽሑፍ ሆኖ መቅረቱ ነው።

መድኃኒቱ አንድ ጥያቄ ነው፦ ውጤቴ የሚሄደው ወደ ተርሚናል ነው? ሁሉም የፕሮግራም ቋንቋ ማለት ይቻላል ይህን መጠየቂያ አለው፤ በፓይተን «ኢዝ-ኤ-ቲቲዋይ» ይባላል። መልሱ አይደለም ከሆነ ቀለም አትላኪ። መደበኛውን ውጤትና የስህተት መልእክት የሚወጣበትን የስህተቱን መስመር (ስታንዳርድ ኤረርን) ለየብቻ ጠይቂ፤ ተጠቃሚው አንዱን ወደ ፋይል ልኮ ሌላውን በዓይኑ እየተከታተለ ሊሆን ይችላል።

ይህ ጥያቄ ግን ሁሉንም አይመልስም። ሰውየው በተርሚናል እያነበበም ቀለም ላይፈልግ ይችላል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ የሚሆን ስምምነት አለ፦ «ኖ_ከለር» የተባለ የአካባቢ ተለዋዋጭ ባዶ ሳይሆን ከተገኘ፣ ዋጋው ምንም ይሁን ምን፣ ፕሮግራሙ ቀለም አይጨምርም። «ተርም» የሚለው ተለዋዋጭ «ደም» (dumb) ካለሽም ያ ተርሚናል ትእዛዝ አይረዳም ማለት ነው፤ ተዪው። በሌላ በኩል ተርሚናል ያልሆነ ቦታ ሆኖ ቀለም የሚፈለግበት አለ፤ ኮድ የሚፈትሹ ሰርቨሮች ሎጋቸውን በድረ ገጽ ላይ ባለቀለም አድርገው የሚያሳዩ አሉ። ስለዚህ እንደ ኤልኤስና እንደ ግሬፕ ሦስት ምርጫ ስጪ፦ «ኦቶ»፣ «ኦልዌይስ»፣ «ኔቨር»። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ ተጠቃሚው በትእዛዙ ላይ ያዘዘው ይቀድማል፣ ቀጥሎ ኖ_ከለር፣ በመጨረሻ ያንቺ ግምት።

5. የሰው ስክሪን ያንቺ አይደለም

31 ስትልኪ «ቀይ» አልሽ እንጂ የትኛው ቀይ እንደሆነ አልወሰንሽም። እሱን የሚወስነው የተጠቃሚው ተርሚናል ነው። ማይክሮሶፍት በ2017 እ.ኤ.አ. የዊንዶውስን የኮማንድ መስኮት ቀለሞች የቀየረው የድሮው ጥቁር ሰማያዊ በዘመኑ ስክሪኖች ጥቁር ባክግራውንድ ላይ አልነበብ ስላለ ነው። ኮዱ ያው ነው፤ የተቀየረው የሚታየው ቀለም ነው።

አንድ ምሳሌ ቀረብ አድርገሽ እዪ። ብዙ ፕሮግራም ጸሐፊዎች እምብዛም አስፈላጊ ያልሆነን ጽሑፍ፣ ለምሳሌ ሰዓትን፣ በ90 ማለትም በፈካ ጥቁር ያወጡታል፤ በእነሱ ስክሪን ላይ ደስ የሚል ግራጫ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው ሶላራይዝድ የተባለ ዝነኛ የቀለም ስብስብ ግን ከፈካዎቹ ስምንት ብዙዎቹን ለግራጫ ዓይነቶች አውሏቸዋል፤ በጥቁሩ ገጽታው የፈካው ጥቁር ቦታ የተሰጠው ለራሱ ለባክግራውንዱ ቀለም ነው። በዚያ ተርሚናል 90 ያልሽው ሁሉ ከጀርባው ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል። ተጠቃሚው ሰዓቱ አልተጻፈም ብሎ ያስባል። እንደዚሁ በነጭ ባክግራውንድ ለሚሠራ ሰው 33 ቢጫ ወይም 37 ነጭ ማለት ምንም አለማሳየት ነው።

ስለዚህ ለዋናው ጽሑፍ ቀለም አትስጪው፤ ተጠቃሚው የመረጠው ቀለም ይበቃዋል። ባክግራውንድ መቀባት ግድ ካለሽ የጽሑፉንም ቀለም አብረሽ ወስኚ፤ አንዱን ብቻ ከወሰንሽ ሌላው ምን እንደሚሆን አታውቂም።

ከ16ቱ፣ ማለትም ከስምንቱና ከፈካዎቻቸው፣ በላይ መሄድም ይቻላል። 38;5 ብለሽ ከ0 እስከ 255 አንድ ቁጥር ትጨምሪያለሽ፤ ከ16 እስከ 231 ያሉት ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ለየብቻ ከ0 እስከ 5 ደረጃ ተሰጥቷቸው የተሠሩ ናቸው። ቀዩን በ36፣ አረንጓዴውን በ6 አባዢ፣ ሰማያዊውን እንዳለ ያዢ፣ በድምሩ ላይ 16 ጨምሪ። ቀይ 5፣ አረንጓዴ 2፣ ሰማያዊ 0 ሲሆን 208 ይመጣል፤ ብርቱካናማ ነው። ከ232 እስከ 255 ያሉት 24 ግራጫዎች ናቸው። 38;2 ብለሽ ሦስቱን ከ0 እስከ 255 ከሰጠሽ ደግሞ 16,777,216 ቀለም አለሽ። ይህ ሁሉ ግን የተጠቃሚውን ምርጫ የሚሽር ነው፤ እሱ ለዓይኑ ብሎ ያስተካከላቸው 16 ቀለሞች ናቸው። ለሥራ መሣሪያ ከ16ቱ አትውጪ፤ ሰፊውን ለሥዕልና ለግራፍ ተዪው።

6. ጥቂት ቀለም ይዘሽ ኑሪ

ማርም ሲበዛ ይመራል። ሁሉም መስመር ባለቀለም ከሆነ ዓይን የሚያርፍበት አያገኝም፤ ቀዩም ከሌላው አንዱ ይሆናል። ቀይ ለስህተት፣ ቢጫ ለማስጠንቀቂያ፣ አረንጓዴ ለተሳካ ነገር ከሰጠሽ፣ ምናልባት አንድ ተጨማሪ ለፋይል ስም፣ አበቃ። አንዴ የሰጠሻቸውን ትርጉም በሁሉም ትእዛዞችሽ ጠብቂ። በአንዱ ትእዛዝ ቢጫ ማስጠንቀቂያ፣ በሌላው ማጌጫ ከሆነ ተጠቃሚው ሁለቱንም ማመን ያቆማል።

አረንጓዴውንም ቆጥቢ። መቶ ፋይል ተፈትሾ መቶ አረንጓዴ መስመር ከወረደ መሀል ያለችውን አንዲት ቀይ መስመር ማንም አያያትም። የተሳኩትን በአንድ መስመር ጠቅልለሽ የወደቀውን ለብቻው አውጪው። ብዙ ጊዜ ከቀለም በፊት ማድመቅ ወይም አንድ ባዶ መስመር መተው ይበቃል። 1 በብዙ ተርሚናሎች ጽሑፉን በማወፈር ፈንታ ወይም ከማወፈር ጋር ቀለሙን እንደሚያፈካው ግን እወቂ። ድርግም የሚለውን፣ 5 ቁጥርን፣ ጭራሽ አትንኪው፤ ያሰለቻል፣ ብርሃን ሲብለጨለጭ ሕመም የሚነሣባቸው ሰዎችም አሉ።

7. የሚንቀሳቀሰውን ነገር በቦታው ያዢ

መቶኛውን እየቆጠረ የሚያድግ መስመር ፕሮግራሙ እንዳልሞተ ለተጠቃሚው ያረጋግጥለታል። አሠራሩ ጠቋሚውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ መልሶ በላዩ ላይ መጻፍ ነው። አዲሱ ጽሑፍ ከአሮጌው ካጠረ ትርፉ እንዳይቀር ኢስኬፕ፣ «[» እና ትልቁን ኬ ልከሽ የመስመሩን ቀሪ አጥፊ። ይህን በስህተቱ መስመር በኩል ላኪው፤ በመደበኛው ከላክሽው ውጤቱን ወደ ፋይል ለሚልክ ሰው ቆሻሻ ትጨምሪበታለሽ። ተርሚናል ከሌለም አትላኪው።

8. የሚታየውን ቁጠሪ

ሠንጠረዥ ስትሠሪ ዓምዶቹ እንዲሰለፉ ባዶ ቦታ ትሞያለሽ። ነገር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። «ስህተት» አራት ፊደል ነው። በ31 ብትከፍቺው አምስት ምልክት ይጨመርበታል፦ ኢስኬፕ፣ «[»፣ 3፣ 1፣ ኤም። በ0 ስትዘጊው ደግሞ አራት። ፕሮግራምሽ ርዝመቱን ሲቆጥር 13 ያገኛል፤ ስክሪን ላይ የሚታየው ግን 4 ነው። 10 ስፋት ያለው ዓምድ አዘሽ ከሆነ «ሞልቶ ተርፏል» ብሎ አንድም ባዶ ቦታ አይጨምርም፤ ቀለም የሌለው የጎረቤቱ መስመር ግን በትክክል ይሞላል። ሠንጠረዡ ይዛነፋል። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ እንደሚባለው፣ ኋላ በግምት ባዶ ቦታ እየቀነሱና እየጨመሩ ማቃናት ማለቂያ የለውም። ቅደም ተከተሉን ያዢ፦ መጀመሪያ ቃሉን እስከ 10 ሙዪው፣ ከዚያ ቀለሙን አልብሺው።

በባሽ የራስሽን የመጻፊያ መስመር ስታሳምሪም ይኸው ነገር ይገጥምሻል። የቀለም ኮዱን በ«\[» እና በ«\]» መካከል ካላደረግሽው ባሽ የማይታየውን እንደሚታይ ይቆጥረዋል፤ ረጅም ትእዛዝ ስትተይቢ መስመሩ ቦታው ሳይደርስ ይታጠፍና በራሱ ላይ ይጽፋል።

9. በአማርኛ ስትጽፊ እነዚህን ጨምሪ

የእንግሊዝኛ መሣሪያዎች «ኤረር»ን በትልልቅ ፊደል ጽፈው ያለ ቀለምም ጎልቶ እንዲታይ ያደርጋሉ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም። ስለዚህ በአማርኛ መልእክት ላይ ማድመቅና የመልእክቱ አሰላለፍ የበለጠ ሥራ አለባቸው። «ስህተት፦» የሚለውን ሁልጊዜ በመስመሩ መጀመሪያ አኑሪው እንጂ በዐረፍተ ነገር መካከል አትቅበሪው።

ፊደሎቻችን ዩኒኮድ የገቡት በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይወስዳል። በባይት የሚቆጥር መሣሪያ «ስህተት»ን ያለ ቀለምም 12 ይለዋል፤ 10 ስፋት ያለው ዓምድሽ ቀለም ሳይነካው ይበላሻል። መሣሪያሽ ባይት ይቁጠር ፊደል አስቀድመሽ ፈትሺ። ተርሚናሎች ደግሞ ለአንድ የግዕዝ ፊደል አንድ ዓምድ ብቻ ይመድባሉ። ፊደሎቻችን ሰፋ ያሉ ናቸውና እንደ ፎንቱ ይጣበባሉ ወይም ይደራረባሉ። ፎንቱ የራሱ ደማቅ ቅርጽ ከሌለው ተርሚናሉ በራሱ ሲያወፍረው የ«ጨ» እና የ«ጪ» ልዩነት ሊደፈን ይችላል። በማድመቅ ፈንታ ቀለም የሚሻልበት ቦታ ይህ ነው። ማዝመሙን፣ 3 ቁጥርን፣ ለአማርኛ ተዪው፤ በጽሕፈት ባህላችን ቦታ የለውም።

10. ላይብረሪ ስትጨምሪ ምን እንደምታስገቢ እወቂ

አንድ ቃል ለማቅላት የሚያስፈልግሽ ዘጠኝ ምልክት መሆኑን አይተሻል። ለዚህ ብለሽ የሰው ኮድ ከማስገባትሽ በፊት አስቢ። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 «ከለርስ» የተባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ሠሪ ራሱ ማለቂያ የሌለው ዙር አስገባበትና በእሱ የተደገፉ በርካታ ፕሮግራሞች «ሊበርቲ» የሚለውን ቃልና ትርጉም የለሽ ምልክቶችን ሲያወርዱ ዋሉ። በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ አጭበርባሪዎች የአንድ ላይብረሪ ጠባቂ የይለፍ ቃል በሐሰተኛ ኢሜይል ወስደው፣ «ቾክ» የተባለውን እጅግ የተስፋፋ የቀለም ላይብረሪ ጨምሮ በበርካታ ፓኬጆች ውስጥ የዲጂታል ገንዘብ የሚሰርቅ ኮድ አስገቡ። በሰዓታት ውስጥ ተደርሶበት ተነሣ፤ ቀለም ለመጨመር ብቻ የገባ ፓኬጅ ግን በብዙ ሰው ማሽን ላይ እንዲህ ዓይነት በር ሆኖ ነበር።

ላይብረሪ አትጠቀሚ አላልኩሽም። ሠንጠረዥ፣ የሂደት መስመርና ባለቀለም ኮድ በአንድ ላይ ስትፈልጊ በፓይተን «ሪች» ድካምሽን ይቀንሳል። የዊንዶውስ የድሮ ኮማንድ መስኮትም ከዊንዶውስ 10 በፊት ኢስኬፕን ስለማይረዳ የግራ ቀስት ምልክትና «[31m» ያሳይ ነበር፤ «ከለራማ» የተሠራው ያን ክፍተት ለመሙላት ነው። በሼል ስክሪፕት ደግሞ «ቲፑት» የሚባለው ትእዛዝ ተርሚናሉ የሚረዳውን ኮድ ከመረጃ ቋቱ አውጥቶ ይሰጥሻል። አስፈላጊነቱን መዝኚ፣ ቨርዥኑን ወስነሽ ያዢ፣ ሳትፈትሺ አታድሺ።

11. የሌላ ሰው ጽሑፍ ሳታጸጂ አታውጪ

ቀለሙና ጽሑፉ በአንድ ሰልፍ እንደሚሄዱ በመጀመሪያው ምክር ነግሬሻለሁ። ይህ ማለት አንቺ የምታወጪው ማንኛውም ጽሑፍ ትእዛዝ ሊይዝ ይችላል ማለት ነው። የፋይል ስም፣ ተጠቃሚ የሞላው ፎርም፣ ከሰርቨር የመጣ ሎግ ውስጥ ኢስኬፕ ካለ ተርሚናሉ የማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ይፈጽመዋል። በ8 ቁጥር ጽሑፍ ይደበቃል፣ የተጻፈ መስመር ይሰረዛል፣ የመስኮቱ ርዕስ ይቀየራል። ክፉ ሰው በሎግ ውስጥ የራሱን አሻራ ሊያጠፋበት ይችላል፤ ፋይሉ ላይ ቢኖርም አንቺ ስታነቢው አይታይሽም። ከውጭ የመጣውን ጽሑፍ ከማውጣትሽ በፊት ኢስኬፕንና ሌሎቹን የማይታዩ ትእዛዞች አስወግጂ ወይም በሚታይ ምልክት ተኪ። ያንቺን ቀለም ከዚያ በኋላ ጨምሪ።

12. ለሰው ከመስጠትሽ በፊት ፈትኚው

ፕሮግራምሽን በጥቁርም በነጭም ባክግራውንድ አሂጂው። ውጤቱን ወደ ፋይል ላኪና በጽሑፍ ማረሚያ ክፈቺው፤ አንድ «[31m» ካገኘሽ ሥራው አላለቀም። ኖ_ከለርን አብሪና እንደገና አሂጂው፤ ያለ ቀለም የትኛው መስመር ስህተት እንደሆነ መለየት ካልቻልሽ ቃላቱን አስተካክዪ። መሀል ላይ ቁረጪውና ተርሚናሉ እንደነበር መመለሱን እዪ። ቀለሞቹን ከቀይና አረንጓዴ ጋር ለሚቸገር ሰው አሳዪ፤ በአማርኛ የሚያወጣ ከሆነ በሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይም ክፈቺው፣ ፎንቱ ይለያያልና። ይህን ሁሉ ያለፈ ቀለም ሲያስፈልግ ይጠቁማል፣ ሳያስፈልግ ማንንም አያስቸግርም። በርቺ፤ እጅሽን ይባርክልሽ።